የሰፈር ኮሚቴ ለምን ይከስማል? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ስንኖር የሰፈር ኮሚቴ በራችንን ሳያንኳኳ አይቀርም። ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ሲባል ይቋቋማል። ሌባ ሲበዛ ይቋቋማል። ዲች ሲደፈን፣ የመንገድ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃ ለሳምንታት ሲቋረጥ ይቋቋማል። ብዙዎቹ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ይበተናሉ። እኔ በሁለት ሰፈር ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የመጀመሪያው ኮሚቴ ፈርሷል፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ይሠራል። በጉብዝና የሚበላለጡ ሰዎች አልነበሩም። የመጀመሪያው በአብዛኛው የወረዳውን መልእክት ለነዋሪው ሲያደርስ ነው የኖረው። ሁለተኛው የነዋሪውን ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳ ይሄዳል። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የመነጩ ናቸው።

ተጠርቶ መሄድን እንደ ተሳትፎ መቁጠር

ወረዳው ስብሰባ ይጠራል። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይዞራል፣ ወይም የብሎኩ ተጠሪ በር ታንኳኳለች። አዳራሽ ስንደርስ አጀንዳው ተጽፎ ይጠብቀናል። ሪፖርት ይነበባል፣ ሦስት አራት ሰው አስተያየት ይሰጣል፣ ይጨበጨባል፣ እንበተናለን። የሰፈራችን ጉዳይ ሳይነሳ ይቀራል።

መፍትሔው ከአዳራሹ ስብሰባ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በአንድ ሰው ግቢ መገናኘት ነው። ቡና ይፈላ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይመረጥ፣ ማን እንደሚናገር ይወሰን። አሥር ሰው አሥር ነገር ሲያነሳ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው «ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰጥተዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። አሥር ሰው ስለ አንድ ዲች ሲናገር ግን ዲቹ በስሙ ይጻፋል።

ይህን ስታደርጉ ማንንም አትለምኑም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት እንዲሳተፉ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። መንገዱ ከተቆፈረ በኋላ መጥቶ ማስረዳት አስተያየት መጠየቅ አይደለም። ይህን በትሕትና፣ ግን በግልጽ መናገር ይቻላል።

የማይፈርመውን ሰው መቆጣት

አቤቱታ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ የእኔን ስም እለፈው፤ ዝርዝር ውስጥ መግባት አልፈልግም» አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ተናደደ። «ዲቹ እኮ እሳቸው በር ላይ ነው!» አለኝ። ልክ ነበር። ግን እሳቸውም ምክንያት ነበራቸው።

ቀበሌ የተወለደው በሐምሌ 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በእነሱ እጅ ገቡ፤ ዛሬም «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ ነበራቸው። ስኳርና ዘይት የሚታደለውም በቀበሌ ሱቅ ነበር። ሐሳቡ ነዋሪው ሰፈሩን ራሱ እንዲያስተዳድር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀይ ሽብር መጣ፤ ቀበሌም ሰው የሚታሰርበት፣ ወጥቶ የማይመለስበት ቦታ ሆነ። ያን ዘመን ያየ ሰው «ኮሚቴ» እና «ዝርዝር» የሚሉትን ቃላት እኛ እንደምንሰማቸው አይሰማቸውም።

ስለዚህ አትጫኗቸው። ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡላቸው። አንድ ኮፒ ትታችሁላቸው ሂዱና በሌላ ቀን ተመለሱ። ከእድራቸው የሚያምኑት ሰው አብሯችሁ ይግባ። ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይበቃል፤ የመታወቂያ ቁጥር አትጠይቁ። ካልፈረሙም ዲቹ ሲጸዳ ለእሳቸውም ይጸዳል። እኚያ እናት አልፈረሙም። በዘመቻው ቀን ግን ለሁላችንም ቆሎና ጠላ ይዘው ወጡ።

ባለቤቶችን ብቻ ሰብስቦ «ሰፈሩ ተስማማ» ማለት

ብዙ ግቢ ውስጥ ከባለቤቱ ይልቅ ተከራዩ ይበዛል። ጎርፍ ሲገባ ቀድሞ የሚረጥበው ሰርቪስ ቤት ያለው ተከራይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚዞረውም እሱ ነው። ኮሚቴ ሲመረጥ ግን ካርታ ያለው ብቻ ይጠራል። ተከራዩ «እኔ ምን አገባኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ አገባህ ያለው የለማ። ከተከራዮች፣ ጥግ ላይ ጉሊት ከሚሸጡት ሴቶችና ከሰፈሩ ወጣቶች ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይግባ።

የስብሰባ ሰዓትም ሰው ይቀንሳል። ሥራ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ጡረተኛ ብቻ ነው የሚያመጣው። እሁድ ከሰዓት ይሻላል። እናቶች ልጅ ይዘው እንዲመጡ ፍቀዱ፤ ጫጫታው ይቻላል።

በቃል ተስፋ ተደስቶ መመለስ

ብዙ ኮሚቴ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

የመጀመሪያው ኮሚቴያችን የተደፈነ ዲች ለማስጸዳት ከጥር ጀምሮ ይመላለስ ነበር። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነበር። ቁጭ አድርጎ አዳመጠን፣ ስልኩን ሰጠን፣ «በሁለት ሳምንት ውስጥ» አለን። ደስ ብሎን ወጣን። ሦስት ጊዜ ሄድን፣ ሦስት ጊዜ በጥሩ ቃል ተመለስን። በግንቦት ሌላ ቦታ ተዛወረ። አዲሱ ኃላፊ የጠየቀን አንድ ነገር ነው፦ «ማመልከቻ አስገብታችኋል?» የለንም። መዝገብ ቤት ብንፈልግ ስለ እኛ ሰፈር አንዲት ወረቀት አልነበረችም። በሐምሌ ጎርፉ አራት ቤት ገባ። ኮሚቴው የፈረሰው በዚያ ክረምት ነው፤ ሰው ፊታችንን ማየት ጠላ።

በሁለተኛው ሰፈር ይህን አልደገምኩትም። ማመልከቻ አንድ ገጽ ይሁን። ችግሩ የት እንደሆነ ሰው በማይስተው ምልክት ይጻፍ፦ «ከወፍጮ ቤቱ እስከ ታችኛው ድልድይ ያለው ዲች» ይባል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ይጠቀስ። ፎቶ ይያያዝ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱ። ያቺ ኮፒ ናት ንብረታችሁ። ሰው ይዛወራል፣ ቁጥሩ ግን አይዛወርም። ኃላፊው በቃል ቃል ከገባላችሁ በማግስቱ «በተነጋገርነው መሠረት» የሚል አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ ሥራውን የሚወድ ኃላፊ እንዲያውም ከበላዮቹ በጀት ለመጠየቅ ይጠቀምበታል።

መልስ ካልመጣ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ። ከዚያም በላይ በ1992 በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የትኛውም ጋ ስትደርሱ የምትጠየቁት ያንኑ ወረቀት ነው። መረጃ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ የሰፈራችሁ መንገድ ስንት ብር እንደተመደበለትና ማን እንደሚሠራው፣ በ2000 የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ለጥያቄያችሁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል።

በጀት ካለቀ በኋላ መጠየቅ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ነዋሪው ችግሩ የሚሰማው ግን በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው። ያኔ ሲጠይቅ የዓመቱ ዕቅድ ጸድቆ አልቋል። «በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» የሚባለው መልስ አንዳንዴ እውነት ነው።

ስለዚህ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ክረምት ላይ ጎርፉ የት እንደገባ ፎቶ አንሱ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ፊርማ አሰባስቡ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ከመዘጋቱ በፊት፣ የካቲት ሳይወጣ፣ ማመልከቻው ወረዳ ይግባ። በሚያዝያ «ዕቅድ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ የማይጠይቀውን ሥራ፣ ለምሳሌ ዲች መጥረግን፣ በግንቦት በራሳችሁ አካፋ ጨርሱት።

መዋጮን በኪስ መያዝ

ለኮብልስቶንም ለጥበቃም ለመብራት ፖልም ነዋሪው ያዋጣል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያዡ ታማኝ ሰው ነው። ችግሩ ታማኝነቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ሐሜት ሲነሳ ምን ይዞ ይከራከራል? ሌላ ሰፈር የማውቃቸው አንድ ጨዋ ሰው አንድም ሳንቲም ሳይነኩ ስማቸው ጠፍቶ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እድሮቻችንን እዩ። ለአሥርት ዓመታት ገንዘብ ሰብስበው ድንኳን ገዝተው፣ ለቅሶ አስተናግደው የኖሩት በመዝገብና በደረሰኝ ነው። ለሰፈር ኮሚቴም ያው ይሠራል። ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይታተም። ገንዘቡ በሦስት ሰው ስም፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ። አሸዋና ሲሚንቶ ሲገዛ ገንዘብ ያዡ ብቻውን አይሂድ። በየወሩ የገባውና የወጣው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፍ፤ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ።

መክፈል ያልቻለን ሰው ስም ግን አትለጥፉ። አቅም የሌለው በጉልበቱ ይርዳ፤ ጉልበትም ከሌለው ይለፍ።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ለሁሉም ነገር ወረዳ እንሮጣለን። የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። የተቃጠለ ትራንስፎርመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ዋናው አስፋልት የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ደብዳቤውን ለባለቤቱ ጻፉ፣ ለወረዳው ግልባጭ አድርጉ። ይህች ግልባጭ ብዙ ሥራ ትሠራለች፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች «የእኔ አይደለም» እየተባባሉ እንዳያመላልሷችሁ ትረዳለች።

ኮሚቴውን የአንድ ሰው ማድረግ

ሊቀመንበሩ ለራሱ የካርታ ጉዳይ በኮሚቴው ስም ወረዳ ከገባ፣ ወይም የፓርቲ ቅስቀሳ ከሰፈሩ ስብሰባ ጋር ከቀላቀለ፣ ግማሹ ሰው በሚቀጥለው አይመጣም። የሥራ ዘመን ገና ሲመረጡ ይወሰን። ሁለት ዓመት ይበቃል። በጭብጨባ «እሳቸው ይቀጥሉ» ማለት ክብር ይመስላል፤ ሰውየውን ግን ያደክማል፣ ሌላውን ደግሞ ተመልካች ያደርጋል።

ሄዶ መልሱን አለመናገር

ኮሚቴው ሦስት ወር ይሮጣል፣ ነዋሪው ግን ምንም አልሰማም። ስለዚህ «ምንም አልሠሩም» ይላል። ያልተሳካውንም ንገሩ። «ማክሰኞ ሄድን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር፣ ሐሙስ እንመለሳለን» የሚል ሁለት መስመር መልእክት ይበቃል። እኛ ሰፈር ይህን የሚጽፍ አንድ ወጣት መድበናል። ሐሙስ ስንሄድ አንዳንዴ ያልጠራናቸው አምስት ስድስት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

የኮሚቴያችን ፋይል አሁን ሁለት ክላሰር ሞልቷል። ማኅተም ያለባቸው ኮፒዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የደረሰኝ ጉርዶች አሉበት። የእኔ ዘመን በመስከረም ያበቃል። ክላሰሮቹን ከሳጥኑ ቁልፍ ጋር ለአዲሷ ጸሐፊ አስረክባለሁ። ከሰፈራችን ተከራዮች አንዷ ናት።