«አይቼው ነበር፤ ነጥቡ ግን የለም»፦ የአደጋ መለያ ፈተና ችግርና መፍትሄ

በብሪታንያ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚወሰደው የቲዎሪ ፈተና ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ምርጫ ነው፤ ከ50 ጥያቄ 43 መመለስ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቪዲዮ እያዩ አደጋን ቀድሞ መለየት ነው። ብዙ ሰው ለምርጫው ሌት ተቀን ያጠናና ቪዲዮውን «እሱ ምን ያቅታል» ብሎ ያልፈዋል። የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። በአንድ ቀጠሮ ሁለቱንም ካላለፋችሁ ያለፋችሁት ክፍልም አይያዝላችሁም። 23 ፓውንድ እንደገና ከፍላችሁ ሁለቱንም ትፈተናላችሁ።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። 14 ቪዲዮ ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። አደጋ ሲጀምር ስታዩ የማውሱን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ክሊክ የምንለው ይህን ነው። ነጥብ የሚያሰጥ አደጋ በ13ቱ ውስጥ አንድ አንድ፣ በአንዱ ውስጥ ደግሞ ሁለት አለ። አንድ አደጋ ቢበዛ 5 ነጥብ ያሰጣል፤ በዘገያችሁ ቁጥር 4፣ 3 እያለ ይወርዳል። ለመኪናና ለሞተር ሳይክል ማለፊያው ከ75 44 ነው።

ፈተናው «አደገኛ ነገር ይታያችኋል ወይ?» አይደለም የሚለው። «ፍጥነት እንድትቀንሱ ወይም አቅጣጫ እንድትቀይሩ የሚያስገድድ ነገር መቼ ጀመረ?» ነው የሚለው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመለየት ነው።

ሁሉንም አይቻለሁ፤ ነጥቤ ግን ዝቅተኛ ነው

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አደጋ ሊሆን የሚችለውንና አደጋ እየሆነ ያለውን መቀላቀል ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። በግራ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ እየገፋች ትሄዳለች። ከእኛ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የምትሄደው። እዚህ ላይ ክሊክ ብታደርጉ ነጥብ የለም፤ ምንም አልተለወጠማ። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። ከዚያ የጋሪው አፍንጫ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ይዞራል። ለውጡ የጀመረው እዚህ ነው፤ ጣታችሁም መንቀሳቀስ ያለበት አሁን ነው። የጋሪው ጎማ አስፋልት ላይ እስኪወርድ ከጠበቃችሁ ያላችሁ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ቢሆን ነው።

መፍትሄው ዓይንን ለትንንሽ ለውጦች ማስለመድ ነው። የቆመ መኪና ፍሬቻ ሲያበራ፣ የፊት ጎማው ሲታጠፍ፣ ከፊት ያለው መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ፣ ብስክሌተኛ ትከሻው ላይ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ከጎን መንገድ የመኪና አፍንጫ ብቅ ሲል። ስትለማመዱ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ «ሊወጣ ነው»፣ «ልትሻገር ነው»። በአማርኛ በሉት፣ ችግር የለውም። ቃሉ ከአፋችሁ የሚወጣበት ሰዓትና ጣታችሁ የሚጫንበት ሰዓት ቀስ በቀስ አንድ ይሆናል።

ስንት ዓመት ነድቻለሁ፤ እንዴት እወድቃለሁ?

ይህ በጣም ያናድዳል፤ የሚናደዱትም እውነት አላቸው። ልምድ ያለው ሹፌር ነገሩን ገና ሳይጀመር ያሸተዋል። ክሊክ ያደርጋል፣ «ይሄንንስ ያዝኩት» ብሎ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ ግን ነጥብ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ የተደረገ ክሊክ አይቆጠርም።

ታዲያ ጣታችሁን አታዘግዩ። ይልቅ በጠረጠራችሁበት ቅጽበት አንድ ጊዜ፣ ነገሩ መለወጥ ሲጀምር ሁለተኛ፣ እርግጥ ሲሆን ሦስተኛ ክሊክ አድርጉ። ያለቦታው የተደረገ ክሊክ ነጥብ አያስቀንስም። ከሦስቱ አንዱ ሰዓቱ ላይ ይውላል።

ለአንድ ቪዲዮ ዜሮ ሰጠኝ

ከላይ ያለውን ምክር አብዝቶ የወሰደ ሰው እዚህ ይገባል። ያለማቋረጥ፣ ወይም እኩል እየቆጠሩ ክሊክ ማድረግ እንደ ማጭበርበር ይታያል። የዚያ ቪዲዮ ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል። ለእያንዳንዱ ክሊክ ምክንያት ይኑራችሁ። «ለምን ተጫንክ?» ብትባሉ የምታሳዩት ሰው ወይም መኪና ከሌለ፣ ጣታችሁን አንሱ።

ቀዩ ባንዲራ ወጥቶልኝ ነበር

ክሊክ ባደረጋችሁ ቁጥር ከስክሪኑ ግርጌ ቀይ ባንዲራ ይወጣል። ክሊኩ መመዝገቡን ነው የሚነግራችሁ፤ ትክክል መሆኑን አይደለም። ባንዲራውን አትቁጠሩት፣ አትዩትም። ማውሱን አደጋው ላይ ለማሳረፍም አትሩጡ፤ የትም ቦታ ብትጫኑ ያው ነው። ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይቆይ።

አንዱን ያዝኩና ሌላው አመለጠኝ

ሁለት አደጋ ያለበት ቪዲዮ የትኛው እንደሆነ አይነገርም። ሰው አንዱን ሲይዝ ትንፋሹን ይለቃል፤ ሁለተኛው የሚያልፈው ያኔ ነው። ቪዲዮው እስኪያልቅ መሪ እንደያዛችሁ ቁጠሩት።

ዓይኔ የሚሄደው ወደ ተሳሳተው ጎን ነው

በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር የለመደ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል። ብሪታንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው። ስለዚህ ጥግ ይዘው የቆሙት መኪኖች፣ ከመሃላቸው የሚወጣው እግረኛና ቅርቡ የጎን መንገድ በግራችሁ ናቸው። የለመደ ዓይን ደግሞ ይህን ሁሉ የሚፈልገው በቀኝ ነው። የሚፈውሰው ልምምድ ብቻ ነው። አውቶቡስ ላይ የፊት ወንበር ካገኛችሁ፣ ወይም ጓደኛ ሲነዳ አጠገቡ ከተቀመጣችሁ፣ ስልኩን አስቀምጡና መንገዱን አንብቡ።

እንግሊዝኛቸው ያልጠነከረ ወገኖች ይህን ክፍል መፍራት የለባቸውም። ፈተናው ከ2014 ወዲህ በእንግሊዝኛና በዌልሽ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቋንቋው የሚከብደው ግን ምርጫው ላይ ነው። ቪዲዮው መንገድ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ጎበዝ ነኝ፣ ፈተናው ላይ እወድቃለሁ

አንድ አፕ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች ደጋግማችሁ ካያችሁ በቃል ይዛችኋቸዋል ማለት ነው። ውሻው የት እንደሚወጣ የምታውቁት ስላስታወሳችሁት ነው፤ ስላያችሁት አይደለም። ስለዚህ አይታችሁ የማታውቁትን አምጡ። ከተቻለ ስልክ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ በማውስ ተለማመዱ፤ ፈተናው ላይ የሚጠብቃችሁ ማውስ ነውና። እዚያ ቪዲዮውን መልሶ ማየት የለም፤ ልምምዱንም አንድ ጊዜ ብቻ እያያችሁ አድርጉት። ከ2015 ጀምሮ ቪዲዮዎቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ስለሆኑ ሰዎቹና መኪኖቹ የጌም ሊመስሏችሁ ይችላሉ። ጨለማ፣ ጭጋግና በረዶ ያለባቸውም አሉ። በጠራ ቀን ብቻ የተለማመደ ሰው በእነዚህ ይዘገያል።

ከወደቃችሁ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ሳያልፍ ደግሞ መፈተን አይቻልም። ግን ሦስት ቀን ስላለፈ ብቻ ቀጠሮ አትያዙ። መጀመሪያ ከላይ ካሉት የትኛው እንደጣላችሁ ለዩ፤ ቀድማችሁ ነው፣ ዘግይታችሁ ነው ወይስ አብዝታችሁ? አዳዲስ ቪዲዮዎች ላይ ከ44 በደንብ ከፍ ያለ ነጥብ ደጋግማችሁ ስታመጡ ቀጠሮ ያዙ። ካለፋችሁ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ የመንዳት ፈተናውንም በዚያው ጊዜ ውስጥ ማለፍ አለባችሁ።