ወይባ፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ቅቤ፦ ጅማ ላይ ገላንና ፀጉርን ስንንከባከብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ላይ ለገላና ለፀጉር የሚሆን ነገር ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ቡናውና አቮካዶው ከጓሮ፣ ማሩ ከጌራ፣ ለጋ ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ከገበያ ይመጣል። ጣጣው የሚመጣው «የተፈጥሮ ነገር ቢበዛም ቢቆይም ምን ያደርጋል?» ሲባል ነው። ሎሚ አሲድ ነው፤ ከሰል መርዝ ያወጣል፤ ቅቤም ይበላሻል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነው እንጀምር።

ወይባን በር ዘግቶ መሞቅ

አራስም ሙሽራም ወይባ ትሞቃለች። ክረምት ላይ ግን ዝናቡንና ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ አሁን ይግባ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የቀላ ፍም ግን ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይህን «ጭሱ ሠራልኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። ከተሰማዎት ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ካልተሻለዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥሩው ቦታ በረንዳ ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮት ይከፈቱ፤ ከሰሉም ውጭ ተቀጣጥሎ ይግባ። አራት አምስት ፍም ላይ አውራ ጣት የሚያህል ሁለት ፍልጥ ወይባ ይበቃል፤ ሲበዛ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ገላ አያሳምርም። ጋቢው ከአንገት በታች ይሸፍን፣ ራስና አፍንጫ ውጭ ይሁኑ፣ ጫፉ ከእሳቱ ይራቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ለለመደ ሰው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ብድግ ሲሉ ያዞራል፤ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፤ ቢጠሩት የሚሰማ ሰው በአቅራቢያ ይኑር። ነፍሰ ጡር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ባይሞቅ ይሻላል። ስፌት ያላት አራስም ቁስሉ እስኪድን ትጠብቅ።

የተወቀጠ ቡና ፊት ላይ ማሸት

ከሙቀጫ የወጣ ቡና በጣት ሲነካ ልስልስ ይመስላል፤ ቅንጣቱ ግን የተሰበረ ነውና ጠርዙ ስለት አለው። ክንድና ተረከዝ ይችለዋል፤ የፊት ቆዳ ስስ ስለሆነ ይጫራል፣ ብጉር ካለም እየፈነዳ ይዛመታል።

ለገላ የሚሻለው ከበረካ በኋላ ጀበናው ሥር የሚቀረው አተላ ነው፤ ሦስት ጊዜ ፈልቶ ለስልሷል። ቡናው ጨው ገብቶበት ከነበረ ግን ይተዉት፣ ጭረት ላይ ሲያርፍ ያንገበግባል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አተላ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም የኑግ ዘይት ይለውሱ። እርጥብ ገላ ላይ፣ ያለ ጉልበት፣ ክብ ክብ እያደረጉ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ አሽተው ይታጠቡ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ፀጉር በተላጩበት ቀን አይሞከርም።

ሌላው ስህተት አተላውን በጣሳ ማጠራቀም ነው። ጅማ ክረምት ላይ እርጥብ አተላ በአንድ ሁለት ቀን ሻጋታ ያወጣል። በዕለቱ የማይጠቀሙበት ከሆነ ለአትክልቱ ይድፉት፤ መታጠቢያ ቤት የገባ አተላ ቱቦ ይዘጋል።

ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት

ማድያትና ጠባሳ ለማጥፋት ሎሚ ቆርጦ ፊት ማሸት በየቤቱ አለ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወደ 2 ገደማ ነው፤ የጤነኛ ቆዳ ግን 5 አካባቢ ነው። መቆጥቆጡ «እየሠራ» ስለሆነ ሳይሆን ቆዳው እየተቃጠለ ስለሆነ ነው።

ከአሲዱ የባሰው ደግሞ ሎሚ፣ በተለይ አረንጓዴው ትንሹ ሎሚ፣ ፀሐይ ሲነካው ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር መያዙ ነው። ቃጠሎው ያኔውኑ አይታይም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጥቁረት ሊያጠፋ የተቀባ ሰው ጥቁረት ጨምሮ ያርፋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ብዙዎች የማያውቁት ጤና አዳምም ያው ባሕርይ እንዳለው ነው። ለቡና የታጠበ ቅርንጫፍ ምንም አይልም፤ ቅጠሉን ጨምቀው ገላ ላይ አሽተው ፀሐይ ከወጡ ግን ያቃጥላል። ሎሚ ሲጨምቁ እጅዎ ላይ ከፈሰሰ ከመውጣትዎ በፊት በሳሙና ይታጠቡ።

ለፊት ማር ይሻላል። ፊትን አርጥቦ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር በስሱ መቀባት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ። ማር ስለረጋ ብቻ ስኳር ገብቶበታል ማለት አይደለም፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይፈታል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከንፈር ወይም ድድ ላይ ግን ማር አይቀባም፣ ለከባድ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላል።

ቅቤን የራስ ቆዳ ላይ ማሳደር

ቅቤ ለፀጉር ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን እርጥበት ይዞ ያቆያል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ መለሰን ዋጋ የለውም። ፀጉሩ ታጥቦ ገና እርጥበት ሳለው፣ ለመካከለኛ ርዝመት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ከመሃል እስከ ጫፍ ይቀባል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ፎረፎር ያለበት ሰው ሥሩን ባይነካ ይመረጣል፤ ፎረፎር የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ሌሊቱን ካደረ ደግሞ ወደ ግንባር ወርዶ ብጉር ያወጣል።

ቅቤው ከሸተተ ለፀጉርም አይሆንም። የተነጠረ ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ቅቤ ቦታው ወጥ ነው።

አጣጠቡ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በማለዳው ቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠቡት ፀጉሩ ላይ ይረጋል። መጀመሪያ በሙቅ ፎጣ ጠረግ ያድርጉ። ከዚያ ውሃ ሳይነካው ሻምፑውን በቀጥታ ቅባቱ ላይ ያሹ፣ ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁ፣ ሁለተኛ ይድገሙ።

እሬትን ቆርጦ ወዲያው መለጠፍ

ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያሳክካል፤ ሰዎች «እሬት አልተስማማኝም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ 15 ደቂቃ ማቆም፣ ቢጫው ሲያልቅ ማጠብ፣ ልጣጩን ገፎ መሃል ያለውን ጥርት ያለውን ብቻ መጠቀም ነው። በየአጥሩ ሥር የበቀለ ሁሉ አንድ ዓይነት እሬት አይደለም፤ የማያውቁትን አይቀቡ፣ ከቶም አይጠጡ።

ተልባን አቀዝቅዞ ማጥለል

ለፀጉር የሚቀባ ሙጫ ለማውጣት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት ሲኒ ውሃ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ያፍሉ። የእንቁላል ነጩን ሲመስል በትኩሱ ያጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ ከፍሬው አይላቀቅም። ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ ውጭ ከተቀመጠ ግን በማግስቱ ይጎመዝዛል።

«ጥቁር ሂና»

ንጹሕ ሂና መጀመሪያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል። በግማሽ ሰዓት ድቅድቅ ያለ ጥቁር ከሰጠ የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለው ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ነው። እሱ ቆዳ ያቆስላል። አንዴ ያስቆጣው ሰው ከዚያ በኋላ ይህ ኬሚካል ያለበት የፀጉር ቀለም ሁሉ ሊያሳብጠው ይችላል። ለዓረፋም ለሠርግም ጊዜ ይስጡት፦ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆይ፣ ሲደርቅ በእጅ ይራገፍ እንጂ አይታጠብ፣ 12 ሰዓት ያህል ውሃ አይንካው።

ለመዝናናት ሲባል ማታ ቡና

ጅማ ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው። ቢሆንም በአማካይ የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት በኋላም ደም ውስጥ አለ፤ ነፍሰ ጡሮችና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። ማታ 4 ሰዓት ለመተኛት ያሰበ የመጨረሻ ሲኒውን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይጨርስ። ማታ ቡና ከተጠራ አቦሉን ለሌላ ሰው አሳልፎ በረካውን መቅመስ ይቻላል፣ ቀጭን ነው።

ሳይሞክሩ ፊት ላይ መቀባት

ከላይ ያሉትን ማናቸውንም አዲስ ከሆነብዎት በመጀመሪያ ምስር የምታህል ያህል ክርንዎ ውስጠኛ መታጠፊያ ላይ ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካበጠ ያ ነገር ለእርስዎ አይሆንም። ሠርግ ካለ ሙከራው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሁን፤ የቆዳ መቆጣት እስኪጠፋ ቀናት ይወስዳል።