ግሽበትና መብራት መቆራረጥ ባለበት የድርጅትን ቅልጥፍና ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብር ብቻ መለካት። የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሽያጭ ከአምናው በ40 በመቶ አደገ እንበል። የዱቄት ዋጋ በ50 በመቶ ከጨመረ፣ 1.40 ለ1.50 ሲካፈል 0.93 ይመጣል፤ የተሸጠው ዱቄት በ7 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሪፖርቱ ግን "ዕድገት" ይላል። መጀመሪያ ኩንታሉን ይያዙ። ምርቱ ብዙ ዓይነት ከሆነ የሁለቱንም ዓመት መጠን በአንድ ዓመት ዋጋ አባዝተው ያነጻጽሩ። በአጠቃላዩ የዋጋ ግሽበት ማካፈል አያዋጣም፤ እዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ምግብ ስለሆነ የሲሚንቶ ወይም የጫማ ፋብሪካን ዋጋ አያሳይም።

የቆመን ማሽን እንደ ሰነፈ ሠራተኛ መቁጠር። በጣም የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ፋብሪካው በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በድምሩ 208 ሰዓት ለመሥራት ያቅዳል። አምና መብራት ሳይጠፋ 3,200 ኩንታል ፈጨ፤ በሰዓት 15.4 ማለት ነው። ዘንድሮ መብራት ለ48 ሰዓት ጠፍቶ 2,560 ኩንታል ወጣ። ለታቀደው ሰዓት ሲካፈል 12.3 ስለሚሆን "ቅልጥፍና በ20 በመቶ ወረደ" ያሰኛል። ወፍጮው በዞረበት 160 ሰዓት ሲካፈል ግን 16 ነው፤ ከአምናም በ4 በመቶ ይበልጣል። ሠራተኛው በርትቶ ሳለ ኃላፊው የፈረቃ መሪውን ሊቀጣ ይነሳል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።

ለዚህ ማሽኑ የቆመበት ሰዓት፣ የተነሳበት ሰዓትና ምክንያቱ በዕለቱ መመዝገብ አለበት። በወር መጨረሻ በግምት የሚሞላ መዝገብ ሁሉንም በመብራት ያሳብባል፣ የተበጠሰውን ቺንጋ ሳይቀር። በጄኔሬተር የተፈጨው ደግሞ ለብቻው ይያዝ፤ ለአንድ ኩንታል ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሄደ ካልታወቀ ወጪው ይሰወራል።

የጥሬ ዕቃውን ጥራት መርሳት። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ስንዴ 75 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይጠበቃል፤ የቀረው በአብዛኛው ፉርሽካ ነው። እጥረት ሲኖር የተገኘው ሁሉ ይገዛል፣ ጠጠርና ገለባው ይበዛል። ስንዴው ከመበጠሩ በፊትም በኋላም ካልተመዘነ የገዢው ጥፋት በወፍጮ ክፍሉ ይላከካል።

ሰዓትን ትቶ ሰው መቁጠር። ከ100 ሠራተኞች 20ው ለቀው ቀሪዎቹ 80 በቀን 8 ሰዓት መሥራታቸው ቀርቶ 10 ቢሠሩ ጠቅላላው ሰዓት ያው 800 ነው። ምርቱ ካልተለወጠ "ምርት በሠራተኛ" በ25 በመቶ ያደገ ይመስላል፣ በሰዓት ሲለካ ግን ዜሮ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ሲታከል እንዲያውም ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ወርን ከወር በጭፍን ማነጻጸር። ወተት አቀነባባሪዎች ይህን ያውቁታል። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ። ስለዚህ በሚያዝያ የነበረው የጾም ቀን በ2016 26፣ በ2017 ግን 11 ነበር። ሚያዝያን ከሚያዝያ ያነጻጸረ የጾሙን ልዩነት የአመራር ውጤት አድርጎ ያቀርባል። ከዐቢይ ጾም መያዣ እስከ ፋሲካ ያለውን ከአምናው ተመሳሳይ ጊዜ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ሽያጭን ለንብረት ማካፈል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር ሽያጩ በአዲሱ ዋጋ ተመዘገበ፣ ማሽኑ ግን መዝገቡ ላይ በድሮው ምንዛሪ ቀረ። ጥምርታው ያለ ሥራ አበጠ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ መስመር አይሳሉ፤ ማሽኑን ዛሬ ለመተካት በሚፈጀው ዋጋ ይገምቱና እንደገና ያካፍሉ።