ደሴ ላይ የሜታል ዘጋቢ ፊልም አሳይቶ ማወያየት እንዴት ይቻላል?

ሜታል በሚጮኽ ጊታርና በከባድ ከበሮ የሚታወቅ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ስለሱ የተሠራ ፊልም ማሳየቱ ቀላል ነው። ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተር፣ ነጭ አንሶላና ስፒከር ካለ በቃ። ከባዱ ሰውን ስለ ሙዚቃው ማናገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ወሬው «ይሄ የሰይጣን ሙዚቃ አይደለም ወይ?» በሚለው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል።

ለመጀመሪያ ቀን ካናዳዊው አንትሮፖሎጂስት ሳም ደን ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው «ሜታል፦ ኤ ሄድባንገርስ ጆርኒ» (እ.ኤ.አ. 2005) ይሻላል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በርዕስ በርዕስ ስለተከፋፈለ መሀል ላይ ማቆም አያበላሸውም። ሜታሊካ ስለተባለው የሜታል ባንድ የተሠራው «ሰም ካይንድ ኦፍ ሞንስተር» ግሩም ፊልም ነው፤ ግን የባንድ አባላትን ጭቅጭቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መከታተል ባንዱን ለማያውቅ ሰው ይከብዳል። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ቀን አቆዩት።

ቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምራችሁ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ፤ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ሳይመሽበት ሐረጎን መውረድ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ አይሞከርም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቃለ መጠይቁ አንድም ቃል አይሰማም። በክረምት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን።

ድምፁን ሰው ሳይገባ ፈትሹ። ብዙ ፋይሎች ባለ 5.1 ድምፅ ናቸው፤ ማለትም ድምፁ በስድስት ቻናል (መስመር) ተከፋፍሏል፤ ንግግሩ የሚቀመጠው በመሀለኛው ቻናል ነው። በሁለት ስፒከር ሲጫወት ጊታሩ ይጮኻል፣ ተናጋሪው ያንሾካሹካል። ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ የድምፁን አወጣጥ ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) አድርጉና ከድምፅ ኢፌክቶቹ ጯሂውንና ዝግ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር ክፈቱ። የቪኤልሲን ድምፅ ከ100 አታሳልፉ፣ ይሰነጣጠቃል፤ የሚጨመረው ከስፒከሩ ነው። ለሠርግ የሚከራየው ትልቅ ስፒከር ብዙውን ጊዜ ቤዙ ተከፍቶ ስለሚመጣ ፈጣኑን የእግር ከበሮ አንድ ጉርምርምታ ያደርገዋል። ምቶቹ ተለያይተው እስኪሰሙ ቤዙን ቀንሱ።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ካዘጋጃችሁ ፋይሉን የአማርኛ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አስቀምጡ፣ ስሙም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ የቪኤልሲን የግርጌ ጽሑፍ ፎንት ወደ ኒያላ ቀይሩት።

አሁን ወደ ዋናው። የሰይጣኑን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳያነሣው እናንተ አንሡት። ፊልሙ ውስጥ የሜታል ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ አመልካች ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ቀስሮ ስለሚያሳየው ምልክት ያወራል፤ ጣልያናዊት አያቱ ክፉ ዐይን ለመከላከል ስታደርገው አይቶ ነው የወሰደው። እዚህ ላይ አቁሙ። ቡዳ ምን እንደሆነ የማያውቅ፣ ክታብ የታሰረለት ሕፃን ያላየ ወሎዬ የለም። አወያዩ ዝም ይበል፤ ሰው ራሱ ይናገራል። ፊልሙ ስለ ኖርዌይ ሜታል የሚያወራበት ክፍል ግን ሌላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎን የሚደግፍ ሙዚቀኛ አለበት። ቆርጣችሁ አትዝለሉት፤ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚመጣ ንገሯቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የተሰማውን እንዲናገር ጊዜ ስጡ።

ሌላው ማቆሚያ ፊልሙ «የሰይጣን ድምፅ» ስለተባለው የድምፅ ርቀት፣ ስለ ትራይቶን የሚያወራበት ነው። ኪቦርድ ወይም ክራር ያስፈልጋል። ዶን ንኩ፤ ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ቆጥራችሁ ስድስተኛውን ንኩ። ብላክ ሳባት የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ላይ የሚያስፈራው ርቀት ይኸው ነው። ቀጥላችሁ የእኛውን የአንቺሆዬ ቅኝት ተጫወቱ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ያ ስድስተኛ ቁልፍ ሶል ፍላት ነው፤ እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ተቀምጧል። አንቺሆዬን በሠርግ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ የክፍሉ ወሬ ከእምነት ወደ ድምፅ ይዞራል።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ፣ ክራሩ በትዝታ ሜጀር እንደተቃኘ ከመጣ ርቀቱ ከናካቴው የለም፤ ቅኝቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ሰው ፊት ጅማት መወጠር ሃያ ደቂቃ ይበላል። ሌላው፣ «ሳባት ከእኛ ነው የወሰዱት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሐሰት ስለሆነ ወዲያው አርሙት።

ኮምቦልቻ ላይ ስታዘጋጁ የቶኒ አዮሚን ታሪክ ጨምሩ። የሳባቱ ጊታሪስት በርሚንግሃም በሚገኝ የብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ከፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ፣ ቀጫጭን የጊታር ክር ተጠቅሞ፣ በኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ እየቃኘ ቀጠለ። ፋብሪካ የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ራሱ ሥራ ማውራቱ አይቀርም፤ አታቋርጡት።

«ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ከተባለ በኋላ ዝምታ ነው። «ጊታሩ ሲገባ ከበሮው ምን አደረገ?» በሉና ያንኑ ሃያ ሰከንድ ደግማችሁ አሰሙ። የማቆሚያዎቹን ደቂቃና ሰከንድ በወረቀት ያዙ፤ ፊልሙን ወዲያ ወዲህ እያሉ መፈለግ የሰውን ስሜት ያበርዳል።

መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩን አታስነሡ፣ ጩኸቱ ከዝናቡ ይብሳል። የክራሩን ክፍል ወደዚያ አምጡትና መብራቱ እስኪመለስ ቅኝቶቹን እያነጻጸራችሁ ቆዩ።