ታብሌት በኮምፒውተር ፍላሽ ስታደርጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሎጎ ላይ ቆሞ አልነሳም ያለ ታብሌት አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። የሚገድለው ሊያድነው የተቀመጠው ሰው ነው። ትክክለኛው ፋይል ከተገኘ ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ፈርምዌሩን (ታብሌቱን የሚያሠራውን ዋና ሶፍትዌር) በኮምፒውተር መልሶ መጫን፣ ከባድ ሥራ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ግን እዚያው ፋይሉ ላይ ነው።

መልኩን አይቶ ፋይል ማውረድ

ይሄኛው ትዕግሥቴን ጨርሶታል። «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ስላቸው «ሳምሰንግ ታብ ኤ፣ ባለ አሥር ኢንች» ይሉኛል። ይሄ መጠሪያው ነው እንጂ ሞዴሉ አይደለም! በ2019 የወጣውን ባለ 10.1 ኢንች ታብ ኤ እንውሰድ። ኤስኤም-ቲ510 ዋይፋይ ብቻ ነው። ኤስኤም-ቲ515 ሲም ይቀበላል። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አትለዩዋቸውም፤ የአንዱ ፈርምዌር ግን ለሌላው አይሆንም። ቁጥሩ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አለ። ዓይናችሁ ካልደረሰበት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት።

ስም የለሽ ታብሌቶች ላይ ነገሩ ይብሳል። ሽፋናቸው አንድ ሆኖ ውስጥ ያለው ቦርድ ይለያያል። አንድ ልጅ ያመጣልኝ ታብሌት ፍላሹ ተሳክቶለት፣ በርቶም ነበር። ግን ግራውን ሲነካው የቀኙ ይከፈታል። ልጁ ስክሪኑ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ስክሪኑ ምንም አልሆነም፤ የጫነው ፈርምዌር የሌላ ቦርድ ስለነበር ተች ስክሪኑን በትክክል አያነበውም። ክዳኑን ከፍተን ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር አነበብን፣ በእሱ ፈልገን ጫንን፣ ተስተካከለ። ቀድሞ የነበረውን ፈርምዌር ከታብሌቱ ላይ አንብቦ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ ፍለጋውም ባላስፈለገ።

ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል

ኮምፒውተሩ ታብሌቱን አላየውም? ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ታብሌቱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ደጋግማችሁ ከመጫናችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ፤ አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል እንጂ ዳታ አያስተላልፍም። የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሀብ) ካለ አውጡና ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩ።

«ፎርማት ኦል» መምረጥ

የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ብዙ ታብሌቶች ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የሚጫኑት። እዚያ ላይ ከሚመጡት ምርጫዎች አንዱ «ፎርማት ኦል» የሚለው ነው። ጀማሪ ሁሉ ይወደዋል፤ ጠራርጎ የሚያጸዳ ይመስለዋል። ያጸዳልም! የአይኤምኢአይ ቁጥሩን (ኔትወርኩ መሣሪያውን የሚለይበትን ቁጥር) የያዘውን ክፍል ጭምር ጠራርጎት ይሄዳል። ታብሌቱ ይነሳል፣ ሲሙ ግን ኔትወርክ አልይዝ ይላል። እናንተ የምትመርጡት «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለውን ነው። ሌላኛውን የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይንካው።

ኦዲን ደርቋል ብሎ መዝጋት

ሳምሰንግ ፍላሽ የሚደረገው ኦዲን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እዚያ «ኤፒ» በሚለው ሳጥን የምታስገቡት ዋናው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ነው። ኦዲን ከመጫኑ በፊት ፋይሉ አለመበላሸቱን ይፈትሻል፤ በዚያ መሃል ዊንዶውስ «አይመልስም» የሚል መልእክት ያወጣል። ሰው ደንግጦ ይዘጋዋል፣ እንደገና ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል። ተዉት፣ ይመለሳል። እስኪመለስም ሳጥኖቹን እዩ። «ሲኤስሲ» የሚለው ፋይል ዳታችሁን ያጠፋል፤ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለው ግን ያስቀራል። «ሪ-ፓርቲሽን» የሚለው ላይ ራይት አታድርጉ።

ወደ አሮጌ ቨርዥን ለመመለስ መታገል

«አዲሱ አልተመቸኝም፣ የድሮውን ጫንልኝ» የሚሉ አሉ። የሳምሰንግ ፈርምዌር ስም ላይ ከቀኝ አምስተኛው ፊደል ወይም ቁጥር የቡትሎደሩን (ታብሌቱ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ክፍል) ደረጃ ይነግራችኋል። ታብሌቱ ላይ ካለው ያነሰ ከሆነ አይቀበልም፤ መቶ ጊዜ ብትሞክሩም ያው ነው። አይፓድም እንዲሁ ነው፤ አፕል መፈረሙን (እንዲጫን ማጽደቁን) ያቆመውን ቨርዥን አይጭንም።

አይፓድ ላይ ሳያነቡ መጫን

አይፓዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሪከቨሪ ሞድ (የመጠገኛ ሁኔታ) ውስጥ ስታስገቡት ኮምፒውተሩ ላይ «አፕዴት» እና «ሪስቶር» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። መጀመሪያ አፕዴትን ሞክሩ፤ ዳታውን ሳይነካ ሲስተሙን እንደገና ይጭናል። ሪስቶር ሁሉንም ያጠፋል። ኢንተርኔታችሁ ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ አይፓዱ ከሪከቨሪ ሞድ ሊወጣ ይችላል። አልተበላሸም። ማውረዱ ይለቅ፣ ከዚያ ቁልፎቹን ተጭናችሁ እንደገና አስገቡት።

የረሱትን አካውንት ፍላሽ ይከፍተዋል ብሎ ማሰብ

አይከፍትም። ከተጫነ በኋላ ታብሌቱ የቀድሞውን የጎግል ወይም የአፕል አካውንት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ፓስወርዱን ከመጀመራችሁ በፊት አስታውሱ።

ከተሳካ በኋላ መንካት

ኦዲን አረንጓዴ አሳይቶ «ፓስ» አለ፣ ታብሌቱም ተነሳ፣ ሎጎው ላይ ግን ቆመ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው የፓወር ቁልፉን የሚጫን ሰው አለ! የመጀመሪያው አነሳስ ሁልጊዜ ይረዝማል። አሥር ደቂቃ ቢቆይም ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ግማሽ ሰዓት ካለፈው ግን ሪከቨሪ ገብታችሁ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት፤ አሮጌው ዳታ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልስማማ ብሎ ሊሆን ይችላል።