ዳሌ ከተቀየረ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት እናት አልጋው ላይ ጋደም ብለዋል። የዳሌ መገጣጠሚያቸው ከተቀየረ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አልኳቸው። ደህነኛውን እግራቸውን ወደ ጎን ከፈት አድርጌ ያዝኩና «ያኛውንም ልክ እንደዚህ ያድርጉት» አልኳቸው። አደረጉት። ዓይናቸውን ሲገልጡ የተሠራው እግር አራት ጣት ያህል ይቀረዋል። «ውይ! እኔ እኮ እኩል መስሎኝ ነበር» አሉ።

እግር የት እንዳለ ሳያዩ የማወቅ ችሎታ ፕሮፕሪዮሴፕሽን ይባላል። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከዚህ ጋር የተያያዙ ስህተቶችን በየጊዜው አያለሁ።

«ሕመሙ ጠፋ፣ በቃ ድኛለሁ» ማለት። ሕመሙ መጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያ ዳሌ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለዓመታት ሲያነክስ ኖሯል። ጡንቻው ያን ጊዜ ነው መድከም የጀመረው። አዲሱ መገጣጠሚያ ገብቶም ጡንቻው ገና እንደደከመ ነው።

በየት በኩል እንደተከፈቱ አለመጠየቅ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጠባሳውን ብቻ ነው። ሐኪሙ በኋላ በኩል ከገባ፣ ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ትንንሽ ጡንቻዎችና የመገጣጠሚያው ከረጢት (መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሸፈነው ሽፋን) የኋላ ክፍል ይቆረጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም መልሰው ይሰፋሉ። እነሱ እስኪጠኑ ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማጣመርና ጉልበትን ወደ ውስጥ ማዞር መገጣጠሚያውን ሊያወልቀው ይችላል። ቡና ሲፈላ የምንቀመጥባት አጭር በርጩማ የምታስፈራኝ ለዚህ ነው። ስግደትም ሐኪምዎ እስኪፈቅድ ይቆይ።

በጎን በኩል ከሆነ የሚነካው ዳሌን ደልደል አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። እሱ ከደከመ፣ በተሠራው እግር ሲቆሙ ዳሌዎ ወደ ሌላኛው ጎን ይወርዳል፤ ያነክሳሉ። በፊት በኩል ሲሆን ሐኪሙ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ነው የሚያልፈው። እዚህ የሚያሰጋው እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ ወደ ውጭ ማዞር ነው። ስለዚህ ጎረቤትዎ የተነገራቸው ጥንቃቄ ለእርስዎ ላይሆን ይችላል። ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ።

«በፊት በኩል ከተሠራ ሚዛን አይነካም» ብሎ መዘናጋት። በፊት በኩል የተሠሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ሊበረቱ ይችላሉ። ከወራት በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። በኋላ በኩል የተሠሩትም ተስፋ አይቁረጡ። በ1973 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የመገጣጠሚያው ከረጢት የወጣላቸውን ሰዎች ፈትኖ ነበር። የዳሌያቸውን አቀማመጥ አሁንም ያውቁ ነበር። ለአንጎል ዋናውን ወሬ የሚያደርሱት በጡንቻ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ናቸው፤ ጡንቻ ደግሞ ይለማመዳል።

የቆዳ መደንዘዝን እግር የት እንዳለ ካለማወቅ ጋር ማምታታት። በፊት በኩል ከተሠሩ የጭንዎ ውጫዊ ፊት ሊደነዝዝ ይችላል። የቆዳ ነርቭ ስለተነካ ነው። መገጣጠሚያው ስሜቱን አጣ ማለት አይደለም።

«እግሬ ረዘመ» ብሎ ቶሎ ሶል ማስጨመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ተወጥሮ ዳሌው ስለሚያጋድል እግር የረዘመ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ እየተስተካከለ ይሄዳል። ቸኩለው ሶል ካስጨመሩ ሰውነትዎ ያጋደለውን እንደ ትክክል ይለምደዋል። መጀመሪያ ይለኩ።

የጡንቻ ጥንካሬ ላይ ብቻ መሥራት። እግር ማንሳት ጥሩ ነው፤ ሚዛን ግን ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። ባለሙያዎ ሲፈቅድልዎ ጠንካራ ጠረጴዛ ይዘው፣ ክብደትዎን ቀስ እያሉ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ በአንድ እግር ይቁሙ። ዓይን ጨፍኖ መሞከር የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያኔም ሰው አጠገብዎ ይኑር። እማማም እንደዚሁ ነው የጀመሩት፣ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው።

ሌሊት በጨለማ መነሳት። ቀን ላይ እግርዎ የተሳሳተውን ዓይንዎ ያርመዋል። በጨለማ ያ የለም። መብራት ያብሩ፣ የሚያዳልጠውን ምንጣፍ ያንሱ፣ ከዘራውንም ባልተሠራው እግር በኩል ባለው እጅዎ ይያዙ።