ተገጣጣሚ የሞዴል መኪና ለገዛችሁ፦ ከሙጫው በፊት እጥበት

በ1:24 መጠን፣ ማለትም ርዝመቱ ከእውነተኛው መኪና አንድ ሃያ አራተኛ ሆኖ የተሠራ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መኪና ገዝታችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ፣ በቅድሚያ ክፍሎቹን ከመመሪያው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ፣ ቀለም እንዳይዝ የሚያደርግ ቅባት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ክፍሎቹን ከተያያዙበት ዘንግ ሳትነቅሉ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧቸው፤ የፈላ ውሃ ግን ስስ ክፍሎችን ያጣምማል። የሚያብረቀርቁትን መከላከያዎች አትፈትጓቸው፤ ተለጣፊ ምስሎቹንም ከውሃ አርቁ።

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በተለይ ማለዳ፣ የሚረጭ ቀለም ግፊቱ ስለሚዳከምና ስለሚንጠባጠብ፣ ሥራውን ወደ እኩለ ቀን ማዘዋወር ይሻላል። ካስፈለገም ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት እንጂ፣ ሊፈነዳ ስለሚችል ከምድጃ ወይም ከከሰል አጠገብ ፈጽሞ አታስቀምጡት።